ሶፍትዌርን ከኮምፒውተሩ የመተግበሪያ መደብር መጫን
የመተግበሪያ መደብር ከኮምፒውተሩ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጋር አብሮ የሚቀርብ፣ ሶፍትዌር ለመጫን፣ ለማደስና ለማስወገድ የሚያገለግል ፕሮግራም ነው። የማክ መደብር እ.ኤ.አ. በ2011፣ የዊንዶውስ መደብር በ2012 ሥራ ጀምረዋል፤ ቀድሞ በ2009 የተጀመረው የኡቡንቱ ሶፍትዌር ማዕከል በ2016 በሌላ ተተክቷል።

ሶፍትዌር በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቫይረስም አብሮ ሊገባ ይችላል። ከመደብሩ የሚወርደው በዲጂታል ፊርማ ስለሚረጋገጥ አደጋው ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ይጠፋል ማለት ግን አይደለም።

መደብሩ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ገሳይ ላይ መስመሩ ቢቋረጥ፣ የኡቡንቱ ተጠቃሚ ፋይሉን ደብረ ታቦር አውርዶ ንጹሕነቱ በተረጋገጠ ፍላሽ መውሰድ ይችላል። «አቢሲኒካ» የተሰኘው የግእዝ ፊደል ቅርጽም በዚሁ መንገድ በነጻ ይገኛል። አንዳንድ ሌሎች ሶፍትዌሮች ግን ተጓዳኝ ፋይሎቻቸው አብረው ካልተወሰዱ አይጫኑም።