ከቸሃ መንደር የወጣች ቀጭን ልብ ወለድ

እ.ኤ.አ. በ1964 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት «የሺኔጋ መንደር» የተሰኘች አንዲት ትንሽ ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ አሳተመ። ደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የጻፏት ግን በእንግሊዝኛ አልነበረም፤ በአማርኛም አልነበረም። የጻፏት አፍ በፈቱበት በቸሃ ጉራጌኛ ነው። እስከዚያ ድረስ በዚህ ቋንቋ ልብ ወለድ የጻፈ ሰው አልነበረም።

ጊዜው በአማርኛ ታላላቅ ሥራዎች የሚወጡበት ነበር። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ታትሞ አገር አነጋግሯል፤ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ወጣ። ሁለቱም የዘመኑን ሥርዓት የሚሞግቱ፣ ከባድ ጉዳይ ያነሡ መጻሕፍት ናቸው። የዚህች ልብ ወለድ ባለ ታሪክ ሺኔጋ ግን ጀግና አይደለም፤ መኳንንትም አይደለም። በቸሃ መንደር ተወልዶ የሚያድግ ልጅ ነው። ታሪኩ በአጫጭር ትዕይንቶች ይጓዛል፤ መጽሐፉም ከመቶ ገጽ እምብዛም አይበልጥም።

የመጽሐፉ ውበት ያለው እዚሁ ላይ ይመስለኛል። ቸሃን የሚያውቅ ሰው ጀፎረን ያውቃል፤ ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው የሚቆሙበት፣ ሰፊና ሣር የለበሰ የመንደር ጎዳና ነው። ልጅ ይጫወትበታል፣ ሙሽራ ይታጀብበታል፣ ለቅሶ ይቆምበታል፣ ሽማግሌ ይዳኝበታል። ከጓሮው እንሰት አለ። የመንደሩ ልጅ ሕልም ደግሞ ከዚህ የሚነሣ ነው፤ ፊደል መቁጠር፣ አዲስ አበባ ገብቶ ሥራ መያዝ፣ ለመስቀል እጅ ሳያጥር ወደ ቤት መመለስ። እነዚህ ሕልሞች ትንሽ የሚመስሉት ከሩቅ ለሚያይ ነው። ጫማ በመጥረግ ጀምሮ መርካቶ ሱቅ የከፈተ ጉራጌ ሁሉ አንድ ልብ ወለድ የሚወጣው ሕይወት አለው።

ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1936 በጉራጌ ምድር ተወለዱ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በኋላ ፈረንሳይ ኤክስ አን ፕሮቫንስ፣ ከዚያም በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። በዚህ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ትውልደ ፖላንዳዊው ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው መጽሐፉን ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። ሌስላው ዕድሜያቸውን ለኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሰጡ ምሁር ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በሦስት ጥራዝ ያወጡት የጉራጌ ቋንቋዎች ሥርወ ቃል መዝገብ እስከ ዛሬ ተመራማሪ የማያልፈው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በ100 ዓመታቸው ዐረፉ።

ደራሲው ተራውን ሰው በዚያው አልተዉትም። «አፈርሳታ» በተሰኘው የእንግሊዝኛ ልብ ወለዳቸው የአንድ ገበሬ ጎጆ ይቃጠላል፤ መንደርተኛው ጥፋተኛውን ለማግኘት አውጫጭኝ ይቀመጣል። አንዲት ጎጆ ለአንድ ሙሉ መጽሐፍ ትበቃለች ብሎ ማመን ለሰው ክብር መስጠት ነው። በኋላ ስለ አፄ ቴዎድሮስም ጽፈዋል፤ የቪክቶር ሁጎን ታላቅ ልብ ወለድ «መከረኞቹ» ብለው ወደ አማርኛ የመለሱትም እሳቸው ናቸው። እኔ ግን ከሁሉም ሺኔጋን አስበልጣለሁ። ትልቁን ታሪክ ሌላም ሰው ይጽፈው ነበር፤ የቸሃውን ልጅ ግን እሳቸው ባይጽፉት ማን ይጽፈው ነበር?

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ፣ የጉራጌ ዞን ባህል ቢሮና አሳታሚዎች ይህን መጽሐፍ ቸሃውን ከአማርኛ ትርጉም ጋር ጎን ለጎን አድርገው ለአንባቢ ቢያቀርቡት ትልቅ ውለታ ይሆናል። በእምድብር፣ በወልቂጤና በቡታጅራ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሊገኝ ይገባዋል። መጽሐፉ በእጃችሁ ያለ ደግሞ መደርደሪያ ላይ አታኑሩት፤ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው።