የሚዞር ቁልፍና የሚጫን ቁልፍ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ጋራዦች በአሮጌ መኪና ላይ ቁልፍ ሳይሰኩ በሩን የሚከፍት፣ ሞተሩንም በጣት ተጭነው የሚያስነሡበት መሣሪያ ማስገጠም የዘመናዊነት ምልክት ሆኗል። እኔ ግን ታሪኩን ወደ ኋላ ስመለከተው አዲስ የተባለው ነገር ከሚዞረው ቁልፍ በዕድሜ ይበልጣል።

የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ ያመጣው ሲድሊ ነበር። የዚያ ዘመን መኪና የሚነሣው ከፊቱ በሚሰካ ብረት፣ ማኖቬላ በምንለው፣ በክንድ ጉልበት ነው። ሞተሩ ድንገት ወደ ኋላ ከመለሰ ክንድ ይሰብር ነበር። ከዚህ መከራ የገላገለው ሞተሪኖ ነው፤ ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለ አሜሪካዊ ሠርቶት በ1912 (እ.ኤ.አ.) የካዲላክ ሞዴል ላይ ተገጠመ።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ሾፌሩ ለብዙ ዓመታት ሞተሩን ያስነሣ የነበረው በእግሩ ረግጦ ወይም በጣቱ ተጭኖ ነው። የሚዞረው ቁልፍ ቢኖርም ሥራው ኤሌክትሪኩን መክፈት ብቻ ነበር። ቁልፍ አዙሮ ማስነሣትን በ1949 (እ.ኤ.አ.) ያመጣው ክራይስለር ነው። የመጀመሪያዎቹ ላንድሮቨሮችና የ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ቮልስዋገኖች በጣት ተጭነው የሚነሡ ነበሩ። አማርኛችንም ልዩነቱን አላከበደውም፤ በር የሚዘጋው፣ በር የሚከፍተውና ሸሚዝ የሚይዘው ሁሉም ቁልፍ ነው።

የሚዞረው ቁልፍ ግን ከጊዜ በኋላ ሌላ አደራ ተቀበለ። ሲነቀል መሪውን እንዲቆልፍ ተደረገ፤ ጄኔራል ሞተርስ ይህን በ1969 ሞዴሎቹ ላይ አስገባ። ሌባ ሽቦ አገናኝቶ ሞተሩን ቢያስነሣ እንኳ መሪው አይዞርለትም ማለት ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ መርሴዲስ ባለቤቱ ቁልፉን ከኪሱ ሳያወጣ መኪናውን የሚከፍትበትንና የሚያስነሣበትን ሥርዓት ሲያመጣ፣ ይህን አደራ በኤሌክትሮኒክስ ለመሸከም ተዘጋጅቶ ነበር። ያም ቢሆን ፍጹም አልሆነም። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የዙሪክ ተመራማሪዎች በ10 ዓይነት መኪኖች ላይ ባደረጉት ሙከራ የኪሱን ቁልፍ ሞገድ ከሩቅ አስተላልፈው ሁሉንም ከፍተው አስነሥተዋል።

ነገሩ በእኛ ዘንድ ለምን እንደተስፋፋ መገመት አያስቸግርም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ሕግ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። አዲሱ መኪና የራቀበት ሰው ያለውን አሮጌ መኪና ያድሳል። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል ስም ተጠቃለዋል፤ ከነዋሪዎቻቸው ብዙው ግን ዛሬም አዲስ አበባ ሠርቶ ማታ የሚመለስ ነው። መኪናው ቅንጦቱ ሳይሆን እንጀራው ነው።

ሥጋቴም ከዚህ ይነሣል። መሣሪያው ሲገጠም ከቁልፉ ማዞሪያ በስተኋላ ያሉት ሽቦዎች ወደ አንዲት ሣጥን ይዛወራሉ፤ የመሪው መቆለፊያም በጉዞ ላይ መሪውን እንዳይዝ ብዙ ጊዜ ይነቀላል። ባለቤቱ ምቾት ሲገዛ አንድ ዘብ አሰናበተ ማለት ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ዳገት ላይ መኪና የሚያቆም ሰው ማርሽ አስገብቶ መውረድ ልማዱ ነው። አንዳንዱ መሣሪያ ግን ከሩቅም ያስነሣል። ማርሽ ውስጥ ያለች መኪና ማንም ፍሬን ሳይረግጥ ስትነሣ ትዘላለች። ከፊቷ ልጅ ቆሞ ቢሆንስ? ባትሪ በደከመበት ብርዳማ ጠዋት ደግሞ በሩ ራሱ እንቢ ይላል፤ ገፍቶ ማስነሣትም መጀመሪያ ገብቶ መሪ መያዝን ይጠይቃል።

ስለዚህ አታስገጥሙ አልልም፤ የአያቶቻችን ዘመን መኪናም በጣት ይነሣ ነበርና። ነገር ግን ገጣሚውን ሦስት ነገር እንጠይቀው፦ የመሪው መቆለፊያ ምን ይሆናል? ማርሽ ውስጥ እያለች እንዳትነሣ ምን ይከለክላታል? ባትሪ ሲሞት በሩ በምን ይከፈታል? መልስ ከሌለው የሚዞረው ቁልፍ በቦታው ይቆይ።