የበጌምድር ጋያ እና የጉና ኮሶ

ካናቢስ መድኃኒት ነው ወይስ መርዝ? ክርክሩ ከኢንተርኔት ወርዶ ጀበና ቡና ዙሪያ ከደረሰ ቆይቷል። አንዱ ካንሰር ያድናል ይላል፤ ሌላው ያሳብዳል ይላል። ሁለቱም ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ነገርየው ከውጭ የመጣ ነው፤ ከጃማይካ፣ ከአሜሪካ፣ ቢቀርብ ቢቀርብ ከሻሸመኔ። እኛ ደግሞ ዛሬ ወደ ሌላ አቅጣጫ ልንወስዳችሁ አስበናል። ወደ በጌምድር።

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ላሊበላ የሚባል ዋሻ አለ (የላስታው ላሊበላ አይደለም፤ ስም ብቻ ነው የተጋሩት)። ጆአን ዶምብሮቭስኪ የተባሉ አርኪዮሎጂስት ቆፍረውት፣ ግኝታቸውን እ.ኤ.አ. በ1971 ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፍ አድርገው አቀረቡ። ከተገኙት ዕቃዎች መካከል ከሸክላ የተሠሩ የጋያ ራሶች ነበሩ። ኒኮላስ ቫን ደር መርዌ የሚባሉ ተመራማሪ በሁለቱ ውስጥ የቀረውን ጥላሸት በኬሚስትሪ መረመሩና የካናቢስ ምልክት አገኙበት። ጽሑፋቸው እ.ኤ.አ. በ1975 ታተመ። ለጋያዎቹ የተሰጣቸው ዕድሜ 1320 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሰማንያ ዓመት ወደፊትም ወደኋላም ሊል ይችላል። እንግዲህ ዐፄ ዓምደ ጽዮን በነገሡበት ዘመን ገደማ መሆኑ ነው። ትንባሆ ከአሜሪካ አህጉር ወጥቶ ወደ እኛ ዓለም የመጣው ከኮሎምበስ በኋላ ስለሆነ፣ በዚያ ዘመን ጋያ ውስጥ ትንባሆ ሊኖር አይችልም።

ለምን አጨሱት? ለራስ ምታት? ለጨዋታ? ጋያው አይናገርም። ሁለት ሸክላ ይዞ «አያቶቻችን ሁሉ ያጨሱ ነበር» ብሎ ፎክሮ መውጣትም አያዋጣም። ቢያንስ ግን «መጤ ነው» የሚለውን ክርክር እዚህ ላይ እናስቀምጠው።

የምር የሚያስተምረን ታሪክ ያለው ከዋሻው ሳይሆን ከዚያው አቅጣጫ ትንሽ ገፋ ብሎ ነው። ደብረ ታቦርን አልፋችሁ ስትሄዱ ጉና ተራራ አለ፤ እስቴና ላይ ጋይንት ከግርጌው ናቸው፤ ከእነሱ ወዲያ ታች ጋይንትና ስማዳ ወደ ቆላው ይወርዳሉ። ደጋው የኮሶ አገር ነው። ኮሶን የምናውቀው በምሬቱ ብቻ ከሆነ ብዙ ቀርቶብናል፤ ምክንያቱም ከኢትዮጵያ ወጥቶ የአውሮፓ ፋርማሲ የገባ መድኃኒት ነው።

አጠቃቀሙን አያቶቻችሁን ጠይቁ። ቀዩ የሴቴዋ ዛፍ አበባ ደርቆ ይወቀጣል፣ በውኃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፣ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ማቅለሽለሽ፣ ቁርጠት፣ መዛል። ኮሶ የጠጣ ሰው እንግዳ አይቀበልም፣ ሥራ አይወጣም፤ ሁሉም ያውቅለታል። ጥሬ ሥጋ በሚወድ አገር ይህ ሥቃይ በየጊዜው የሚደገም ነበር። (ቋንቋችንም ትሉንም መድኃኒቱንም «ኮሶ» ብሎ አርፎታል።)

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለ ኮሶ ጻፈ። ኋላም ብራዬ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በቁስጥንጥንያ ኃይሉን አይቶ ወሬውን ለፓሪስ አደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1864 የብሪታንያ ይፋ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ገባ። ግን አንድ ችግር ገጠማቸው፦ ኮሶ ሲያረጅ ይዳከማል። ባሕር ተሻግሮ የደረሰው አበባ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ አይሠራም። አንድ ጭብጥ አበባ ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለ የሚነግር ሚዛን አልነበረም።

እዚህ አገር ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነበር፤ ብዙ መጠጣት። እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ ጽሑፍ ኮሶ ዓይናቸውን ስለጎዳባቸው ሕሙማን ይተርካል። ነፍሰ ጡርን ማስወረዱም የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሣ ሳሉ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብሎ የሰደባቸውን ደጃዝማች ወንድይራድን ድል አድርገው ሲይዙት፣ እናቴ ዛሬ ገበያ አልቀናትም ብለው ያንኑ ኮሶ እንዳጠጡት ይተረካል። ያው ዕቃ ነው፤ ሲሻ ፈውስ፣ ሲሻ ቅጣት። «መድኃኒት አጠጣችው» ስንል ሁለት ትርጉም የሚሰማን ለዚህ ይሆን?

ኮሶ ከዙፋኑ የወረደው በአዋጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ኒክሎሳማይድ፣ ኋላም ፕራዚኳንቴል መጡ፤ መጠናቸው የታወቀ፣ ትሉን የሚገድሉ፣ ሰውየውን የማያዝለፈልፉ ክኒኖች። የተሻለ ሲመጣ የከፋው ቀረ።

አሁን ወደ ካናቢስ እንመለስ። ዋናው አስካሪ ንጥረ ነገሩ ቲኤችሲ ተነጥሎ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 እስራኤል ውስጥ ነው። በ1985 በቤተ ሙከራ የተሠራ ቲኤችሲ፣ ድሮናቢኖል ተብሎ፣ የካንሰር ሕክምና ለሚያስታውካቸው ሕሙማን አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በ2018 ደግሞ የማያሰክረው ካናቢዲዮል፣ ኤፒዲዮሌክስ በሚል ስም፣ ሌላ መድኃኒት እምቢ ላላቸው ከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ተፈቀደ። ይህ ተራ ነገር አይደለም፤ በቀን ብዙ ጊዜ የሚወድቅ ልጅ ላላት እናት ግማሽ ቀን ዕረፍት ማለት ነው። ግን ይህም ጉበትን ሊጎዳ ይችላል፤ በተለይ ቫልፕሮኤት ከሚባለው መድኃኒት ጋር ሲወሰድ። ካንሰር ያድናል የሚለው በሰው ላይ በተደረገ ጥናት አልተረጋገጠም። ቲኤችሲው የበዛውን በጉርምስና ጀምሮ ማዘውተር ለከባድ የአእምሮ ሕመም እንደሚያጋልጥ ግን በብዙ አገር ጥናት ታይቷል። ያሳብዳል የሚለው ጎረቤታችሁ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም ማለት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. በ27 ለ25 ድምፅ ካናቢስን እጅግ አደገኛ ከሚባሉት ዝርዝር አወጣው፤ ቁጥጥሩ ግን አልተነሣም። ከአፍሪካ ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕክምና እንዲመረት ፈቃድ መስጠት ጀምራለች። እኛ ጋ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ያለ ፈቃድ ማምረትንም፣ መሸጥንም፣ መጠቀምንም ይቀጣል።

በነገራችን ላይ የስም ጣጣም አለብን። «ዕፀ ፋርስ» ሲባል ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው ሐሺሽ ይመስለዋል፤ ገጠር ብትሄዱ ግን አስተናግርን ሊያሳዩአችሁ ይችላሉ፤ ፍሬው ለጥርስ ሕመም የሚታጠነውን፣ የሚያስቃዠውን፣ ሲበዛ የሚገድለውን። ከእርሱ ዘመዶች የሚወጣው አትሮፒን በየሆስፒታሉ ነፍስ ያድናል፤ በመርፌ፣ በሚሊግራም ተለክቶ። «ዕፀ ፋርስ ጥሩ ነው» የሚል ምክር የሰማ ወጣት የትኛውን ቅጠል እንደሚቆርጥ አስቡት።

ታዲያ የእኛ አቋም ምንድን ነው? ጋያው ለክርክር አይበቃም፤ ኮሶው ግን ይበቃል። ለሐኪም የሚታዘዝ፣ መጠኑ የታወቀ፣ የተፈተነ መድኃኒት ከየትኛውም ቅጠል ቢወጣ በሩን መዝጋት የለብንም፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም በፈቃድ ቢያጠኑት እንወዳለን። ጠቅልሎ አጭሶ «እየታከምኩ ነው» ማለትን ግን አንቀበልም። ኮሶን በጭብጥ ለክቶ ከመጠጣት በምን ይሻላል?

ሌላም የሚያንገበግበን አለ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ሥራ፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች ተገኝተዋል። ተገቢውን መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት ከመቶ ሁለት አይሞሉም። እነሱ ያጡት ኤፒዲዮሌክስን አልነበረም፤ ፌኖባርቢታልን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ በሐኪሞች እጅ ያለውን፣ ከሁሉ ርካሹን ክኒን። ከወገዳ ወይም ከአርብ ገበያ ጀርባ ካለ ቀበሌ ልጇን አዝላ የምትመጣ እናት ጤና ጣቢያ ስትደርስ፣ እኛ ስለ ካናቢስ ከመሟገታችን በፊት መጠየቅ ያለብን ይሄ ክኒን መደርደሪያው ላይ አለ ወይ ብለን ነው።