ካሩራ፦ ሳይቃጠል በቅጠል

ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተሰሜን፣ በሊሙሩ መንገድና በኪያምቡ መንገድ መካከል፣ ካሩራ የሚባል ደን ይገኛል። ስፋቱ ከ1,000 ሄክታር ትንሽ ይበልጣል። ወይራን የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎችና በቅኝ ግዛት ዘመን የተተከሉ ባሕር ዛፎች ጎን ለጎን ይበቅሉበታል፤ ጅረቶችም ውስጡን እያቋረጡ ይወርዳሉ። በ1932 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሕግ የተከለለ ደን ተብሎ ታወጀ። ሆኖም አዋጁ ብቻውን ደኑን ሊያድነው እንዳልቻለ የ1990ዎቹ መጨረሻ ታሪክ ይመሰክራል።

በዚያ ዘመን በኬንያ የሕዝብ መሬት የፖለቲካ ውለታ መክፈያ ሆኖ ነበር። በፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ ዘመን መሬት ከሕግ ውጭ እንዴት ይታደል እንደነበር፣ በ2003 ተሰይሞ በ2004 ሪፖርቱን ያቀረበው የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን በዝርዝር አስፍሯል። ከካሩራ ውዝግብ አስቀድሞ፣ በ1989፣ በከተማዋ መሐል በሚገኘው ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ 60 ፎቅ ያለው ሕንፃ ለመሥራት ታቅዶ ነበር። የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ መሥራች የሆኑት ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ ደብዳቤ እየጻፉ ተቃወሙ። በፓርላማ ተዘለፉ፤ ፕሬዚዳንቱም ነቀፏቸው። በመጨረሻ ግን የውጭ ባለገንዘቦች እጃቸውን ሰበሰቡና ዕቅዱ ቀረ።

በ1998 ከካሩራ ደን ከፊሉ ለግል ኩባንያዎች መታደሉ ታወቀ። የቅንጦት መኖሪያ ቤቶች ሊሠሩበት፣ አንደኛው ክፍል ደግሞ ተመንጥሮ የጎልፍ መጫወቻ ሜዳ ሊሆን ታስቦ ነበር። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ተቃዋሚዎች ወደ ደኑ ገብተው የግንባታ መሣሪያዎችን አቃጠሉ። ጃንዋሪ 8 ቀን 1999 ፕሮፌሰር ማታይ ከተቃዋሚ የፓርላማ አባላት፣ ከጋዜጠኞችና ከውጭ ታዛቢዎች ጋር ሆነው ችግኝ ለመትከል ሄዱ። ለጎልፍ ሜዳ በተከለለው ሥፍራ ችግኙን ሊተክሉ ሲሉ፣ ደኑን ይጠብቁ የነበሩ በርካታ ሰዎች አደጋ ጣሉባቸው። ፕሮፌሰሯ ራሳቸው ላይ ቆሰሉ፤ የፓርላማ አባላትና ጋዜጠኞችም ተጎዱ። ድብደባው በካሜራ ተቀርጾ ስለነበር ዓለም አየው፤ የናይሮቢ ተማሪዎችም አደባባይ ወጡ።

ጎልፍ ለናይሮቢ እንግዳ አልነበረም። የከተማዋ አንጋፋ የጎልፍ ክለብ የተመሠረተው በ1906 ነው፤ የሙታይጋ ሜዳም ከካሩራ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ክርክሩ በጨዋታው ላይ አልነበረም፤ ዶዘር ከመግባቱ በፊት ማን ምን ጠይቋል የሚል ነበር። ሊጠየቅ የሚገባው ደግሞ ብዙ ነው። 18 ቀዳዳ ያለው ሜዳ በተለምዶ 50 ሄክታርና ከዚያ በላይ መሬት ይፈልጋል። ሣሩ በበጋ እንዲለመልም በየቀኑ ብዙ ውኃ መጠጣት አለበት፤ ይህ ውኃ ከየት ይቀዳል? የሚነሰነሰው ማዳበሪያ፣ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ በዝናብ ታጥቦ ወደ የትኛው ጅረት ይገባል? ደን እንደ ስፖንጅ የሚመጠው ጎርፍ ዛፉ ሲነሣ በማን ሰፈር ላይ ይወርዳል? ቤቶቹና ክለቡ የሚስቧቸው መኪኖችስ ሲጨመሩ፣ ሊሙሩና ኪያምቡ መንገዶች ይችሏቸዋል ወይስ ለማስፋት እንደገና ደን ይቆረጣል? የአካባቢና የትራፊክ ተጽዕኖ ግምገማ ማለት እነዚህን ጥያቄዎች አስቀድሞ በወረቀት ላይ አስፍሮ መልስ መሻት ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉትም ይህንኑ ነው።

በወቅቱ ግን ይህን ሁሉ አጥንቶ ለሕዝብ እንዲቀርብ በጠቅላላው የሚያስገድድ ሕግ በኬንያ አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄው በጽሕፈት ቤት ሳይሆን በደኑ በር ላይ፣ በችግኝና በዱላ መካከል ተነሣ። ኦገስት 16 ቀን 1999 ፕሬዚዳንት ሞይ የሕዝብ መሬት ማደል መታገዱን አስታወቁ። የአካባቢ አስተዳደርና ማስተባበሪያ ሕግም በዚያው ዓመት ወጥቶ በጃንዋሪ 2000 ሥራ ላይ ዋለ። አስቀድሞ ሊገመገሙ ይገባል ብሎ ከዘረዘራቸው ሥራዎች መካከል የመዝናኛ ሥፍራዎች፣ ዋና ዋና መንገዶችና የደን ምንጠራ ይገኙበታል። የካሩራው ውጥን ሕጉ ከወጣ በኋላ ቢመጣ ኖሮ፣ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ይወድቅ ነበር። ጎረቤት ኢትዮጵያም በ2002 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299ን አወጣች።

እርግጥ ሕግ ሁሉን አይፈታም። የግምገማውን ባለሙያ ቀጥሮ የሚከፍለው ፕሮጀክቱን ያቀረበው ወገን ነው፤ ሰነዱ ወፍራም ሆኖ ጥያቄው ቀጭን የሚሆንበት ጊዜ አለ። ክፍተቱን የሚሞላው ሰነዱን አንብቦ አስተያየት የሚሰጥ ነዋሪ ነው። በ2005 የወጣው የኬንያ የደን ሕግ ነዋሪዎች ማኅበር አቋቁመው ከመንግሥት ጋር ደን እንዲያስተዳድሩ ፈቀደ። በዚህም መሠረት ቀድሞ በወንበዴ ይፈራ የነበረው ካሩራ ታጥሮ በ2011 ለሕዝብ መዝናኛ ተከፈተ። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበሉት ፕሮፌሰር ማታይ ያረፉትም በዚሁ በ2011 ነው።

በ2024 የኪያምቡን መንገድ ለማስፋት ከካሩራ መሬት ይወሰዳል ሲባል፣ እርሳቸው የመሠረቱት ንቅናቄ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። በ25 ዓመታት ውስጥ የተለወጠው ይህ ነው። የደኑ ፈላጊ አልጠፋም፤ የተሽከርካሪው ብዛትም አልቀነሰም። ነገር ግን «ይህ ሥራ በውኃው፣ በዛፉና በመንገዱ ላይ ምን ያመጣል?» ብሎ ለመጠየቅ ራስን ለዱላ መስጠት ግድ የነበረበት ዘመን አልፎ፣ ጥያቄው በችሎት ፊት የሚቆምበት መብት ሆኗል። መብቱ የሚጸናው ግን ጠያቂ እስካለው ድረስ ነው።