የጫት ቅጠልና የልብ ልጓም

በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ የይፋቱ ሰብረዲን በንጉሡ መናገሻ ጫት እተክላለሁ ብሎ መዛቱን ያወሳል። ቅጠሉን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው በ1763 እ.ኤ.አ. በየመን ያረፈው የዕፅዋት ተመራማሪ ፔተር ፎርስኮል ሲሆን፣ ጽሑፉ የታተመው በ1775 ነው።

ይሁን እንጂ ጫት ልብን ለምን እንደሚያስሮጥ ለመረዳት አስቀድሞ የነርቭን አሠራር ማወቅ ያስፈልግ ነበር። በ1946 ስዊድናዊው ኡልፍ ፎን ኦይለር ልብን የሚያፋጥኑና የደም ሥርን የሚያጠብቡ ነርቮች ኖርአድሬናሊን በተባለ ኬሚካል እንደሚሠሩ አሳየ። በ1948 አሜሪካዊው ሬይመንድ አልኲስት የኬሚካሉን ተቀባዮች አልፋና ቤታ ብሎ ለያቸው። በ1970ዎቹ ደግሞ አልፋ 2 የተባለው ተቀባይ በራሱ በነርቩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ኬሚካሉ ሲበዛ ፍሰቱን እንደሚገታ ታወቀ።

ሰውነት ሌላም ልጓም አለው። የደም ግፊት ከፍ ሲል በአንገት የደም ሥር ላይ ያሉ ነርቮች ለአንጎል ግንድ ያስታውቃሉ፤ እርሱም ወዲያው የልብን ምት ያዘገያል።

በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ ከለጋ ጫት ካቲኖንን ለየ። ካቲኖን በነርቭ ጫፍ የተከማቸውን ኖርአድሬናሊን የአንጎልን ትእዛዝ ሳይጠብቅ ገፍቶ ያስወጣል። ስለዚህ ልጓሙ ቢሳብም ግፊቱና የልብ ምቱ አብረው ይጨምራሉ። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ኃይሉ ወደ ደከመ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ በሐረርጌ ደጋ የተቀጠፈው ጫት ወደ ጅቡቲ የሚጣደፈው ስለዚህ ነው።

የኮንቴይነር ወደቡ በ2009፣ ሁለገብ ወደቡ በ2017 ከተመረቁ ወዲህ ዶራሌ የኢትዮጵያ ጭነት ዋና በር ሆናለች። ከደጋ የወረደ የከባድ መኪና ሾፌር በሐምሌ ወር ከ40 ዲግሪ በሚያልፍ ሙቀት ተራውን ይጠብቃል። ሙቀት የቆዳን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ላብ የሰውነትን ውኃ ይቀንሳል፤ ልብም ያለ ጫት እንኳ ይፈጥናል። እንቅልፍን ለማባረር የሚቃመው ጫት በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ይጨምራል። በ2005 በየመን ሕሙማን ላይ የወጣ ጥናት ጫት መቃም ከድንገተኛ የልብ ጥቃት ጋር እንደሚያያዝ አመልክቷል።

ምርቃና የብርታት ስሜት ይሰጣል እንጂ የልብን ድካም አያሳይም። የደም ግፊትም አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ስለሌለው ሾፌሩ ሊያውቀው የሚችለው ሲለካ ብቻ ነው።