ከፎቶግራፉ ሥር ያልተጻፉ ስሞች

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1945 (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው) በአሜሪካ «ኮምፒዩተር» የሚለው ቃል በአብዛኛው የዕቃ ስም ሳይሆን የሥራ መደብ መጠሪያ ነበር። በፊላዴልፊያ፣ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የሙር ኤሌክትሪክ ምህንድስና ትምህርት ቤት በዚህ መደብ የተቀጠሩት ወጣት ሴቶች፣ ብዙዎቹም በሒሳብ የተመረቁ፣ ለጦር ሠራዊቱ የመድፍ ተኩስ ሰንጠረዥ ያሰሉ ነበር። የአንድ አረር የጉዞ መስመር በጠረጴዛ ማስያ መኪና ሲሰላ ከ30 ሰዓት ያላነሰ ይፈጃል። እንዲህም ሆኖ የመንግሥት መዝገብ ደረጃቸውን «ከባለሙያ በታች» ብሎ አስፍሮት ነበር።

በዚያው ሕንፃ ጆን ሞክሊና ፕሬስፐር ኤከርት ኤኒያክ የተባለውን ኤሌክትሮኒክ ማሽን ይሠሩ ነበር። ወደ 18,000 የሚጠጋ ቫኪዩም ቲዩብ የተገጠመለትና 30 ቶን ያህል የሚመዝን ነው። ማሽኑን ለሥራ የሚያዘጋጁ ስድስት ሴቶች ከአስሊዎቹ መካከል ተመረጡ፤ ኬትሊን መክነልቲ፣ ቤቲ ጂን ጄኒንግስ፣ ቤቲ ስናይደር፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ፍራንሲስ ቢላስና ሩት ሊክተርማን። ሥራው የጦር ምስጢር ስለነበረ በመጀመሪያ ወደ ማሽኑ ክፍል እንዳይገቡ ተከለከሉ። የተሰጣቸው የንድፍ ወረቀት ብቻ ነው። የፕሮግራም ቋንቋም ሆነ መመሪያ መጽሐፍ ገና አልተፈጠረም። ንድፉን ዘርግተው፣ ያልገባቸውን መሐንዲሶቹን እየጠየቁ፣ እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚያደርግ ከሥሩ አጠኑት፤ ውሎ አድሮም ብልሽት ሲደርስ ጥፋቱን እስከ አንዲት ቲዩብ ድረስ ለይተው ለማመልከት በቁ። አንድን ስሌት ለማሽኑ ማስረዳት ማለት ኬብሎቹን ማገናኘትና ስዊቾቹን በየቦታቸው ማዞር ነበር። ይህን አለቆቹ የጽሕፈት ቤት ሥራ አድርገው ቆጠሩት፤ ሴቶቹም የተመደቡበት ስለዚሁ ነው።

ማሽኑ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1946 በይፋ ሥራው ሊታይ ሲል፣ በዋዜማው ሌሊት አንድ እንከን አልፈታ አለ፤ አረሩ መሬት ከነካ በኋላም ስሌቱ አይቆምም፣ በመሬት ውስጥ ጉዞውን ይቀጥላል። ቤቲ ስናይደር ነገሩን እያሰላሰለች ተኛች፤ በማግሥቱ ማልዳ መጥታ አንዲት ስዊች አዞረች፤ ስሌቱም ቀና። በዚያን ቀን ኤኒያክ የአረሩን መስመር፣ አረሩ ራሱ ዒላማው ላይ ለመድረስ ከሚወስድበት ባነሰ ጊዜ አስልቶ ጨረሰ። የማታው የእራት ግብዣ ላይ ግን ፕሮግራሙን ያዘጋጁት ሴቶች አልተጠሩም።

ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ካቲ ክላይማን የተባለች የሃርቫርድ ተማሪ የኤኒያክን ፎቶግራፎች አገኘች። ከማሽኑ አጠገብ ሴቶች ቆመዋል፤ ከሥር ስማቸው የለም። ማንነታቸውን ብትጠይቅ፣ ማሽኑን ለማሳመር የቆሙ ሞዴሎች ናቸው የሚል መልስ አገኘች።

ከሥራው ስሙ የተለየበት ሌላም ሰው አለ። በአይቢኤም የፈጣን ኮምፒዩተሮችን ምርምር ትሠራ የነበረችው ሊን ኮንዌይ፣ በወንድ ስም ተመዝግባ ሳለች ፆታዋን ወደ ሴት ለመቀየር መወሰኗ በታወቀ ጊዜ በ1968 ከሥራ ተሰናበተች። ያለፈ ሕይወቷን ሰውራ ሙያዋን እንደ አዲስ ጀመረች፤ ከካርቨር ሚድ ጋር በ1980 ያሳተመችው መጽሐፍ አንድ ትውልድ የቺፕ ንድፍ የተማረበት ሆነ። በአይቢኤም የሠራችው ግን ለ30 ዓመት ያህል በስሟ ሊጠራ አልቻለም። ኩባንያው ይቅርታ የጠየቃት በ2020 ነው።

ክላይማን ፎቶግራፎቹን ባየችበት ዘመን፣ በአሜሪካ በኮምፒዩተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ከሚቀበሉት 37 ከመቶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ አሽቆልቁሎ በ2010 ገደማ 18 ከመቶ ደረሰ። የሴት ልጅ አእምሮ በ25 ዓመት ውስጥ አልተለወጠም። የተለወጠው ሌላ ነው፤ የቤት ኮምፒዩተር ገበያ ሲወጣ ማስታወቂያው ለወንዶች ልጆች ተነገረ፣ መሣሪያውም በብዙ ቤት የወንድ ልጅ ክፍል ገባ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ቤቱ የተለማመደውን ተማሪ «ተሰጥዎ ያለው» ብለው ማየት ጀመሩ።

ጄን ማርጎሊስና አለን ፊሸር በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ በጥናት አረጋገጡ። ቀድሞ ፕሮግራም መጻፍ ያልተማሩ ሴቶችም ትምህርቱን በሚገባ ይወጡት ነበር። ስለሆነም የመግቢያው መመዘኛ ለቀድሞ ልምምድ የሚሰጠው ክብደት ቀነሰ፣ የመጀመሪያው ኮርስ እንደ ተማሪው ልምድ ተከፈለ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንም ልጃገረዶችን ወደ ሙያው እንዴት እንደሚስቡ በክረምት ኮርስ ተማሩ። በ1995 ከገቡት አዲስ ተማሪዎች 7 ከመቶ የነበሩት ሴቶች፣ በ2000 42 ከመቶ ሆኑ።