ከወረታ ማዶ፦ ራሳቸው ተፈናቅለው ለአረጋውያን ቤት የሠሩት



ዛሬ ወደ ፎገራ ይዘናችሁ እንሄዳለን። ፎገራን ብዙዎቻችን የምናውቀው በሩዙና በከብቱ ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ሜዳው ጣናን ያክላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ብዙ ሰው ከቤቱ ያፈናቀለው ጎርፍ የሚረሳ አይደለም። በዚህ አገር ጎጆው የፈረሰበትን ሰው የሚያቋቁመው ደቦ ነው። አንዱ እንጨት፣ አንዱ ሣር ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ጭቃ ያቦካል። ሙስሊም ክርስቲያን አይባልም። ችግሩ ደቦ ለመጥራት አቅም፣ ጎጆ ለማቆምም መሬት የሌለው ሰው ላይ ነው።

መሬት ደግሞ ለእኛ የቆየ ቁስል ነው። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። በሰሜኑ የርስት ሥርዓትም አብዛኛው ሙስሊም ድርሻ አልነበረውም። አያቶቻችን ሸማኔና ነጋዴ የሆኑት ወደው ብቻ አይደለም። ይህ የተለወጠው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

ከአዋጁ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1964 ዓ.ም.፣ ከእስቴ የመጣ ዙምራ ኑሩ የተባለ የሙስሊም ገበሬ ልጅ ጥቂት ሰዎችን አስተባብሮ ፎገራ ውስጥ አውራ አምባን መሠረተ። ቦታው ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ብዙ ሳይርቁ ነው። ሴትና ወንድ በሥራ እኩል ይሁኑ፣ ያረጀና የታመመ ሰው አይጣል የሚል ሐሳብ ይዘው ነበር። ጎረቤት አልወደዳቸውም። በደርግ ዘመን ደግሞ በተቃዋሚ ደጋፊነት ተጠርጥረው ቀያቸውን ጥለው እስከ ቦንጋ ተሰደዱ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲመለሱ መሬታቸው በሌሎች ተይዞ ጠበቃቸው። በመጨረሻ የቀረላቸው 17.5 ሄክታር ገደማ ነው፤ ለአንድ መንደር ሕዝብ እርሻ የሚበቃ አይደለም። ስለዚህ ወደ ሽመና ዞሩ። የርስት አልባ አያቶቻችን ሙያ እዚህም መጣ!

እኛን የገረመን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ከጭቃ ቤቶቻቸው መካከል ጧሪ ላጡ አረጋውያን መኖሪያ ሠሩ። ከሳምንቱ አንዱን ቀን የሚሠሩት ለራሳቸው ሳይሆን ለአቅመ ደካማው ነው። አረጋዊው የሚኖረው ከዚያ በሚገኘው ገንዘብ ስለሆነ የማንንም ደጅ አይጠናም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸፋፍን እንናገር። አውራ አምባዎች በአንድ ፈጣሪ እናምናለን ይላሉ እንጂ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም የላቸውም። በዚህ አንስማማም። ነገር ግን ያኔ ፊት ከነሷቸው ጎረቤቶች መካከል የእኛው ወገኖችም ነበሩ። በእምነት አለመስማማት አንድ ነገር ነው፤ ሰውን ከቀዬው እስኪሰደድ መግፋት ሌላ ነው። ስደተኛ ሶሐቦችን ሐበሻ እንደተቀበለች እያነሳን የምንኮራ ሰዎች ይህን ማለት አለብን።

ቤት ያጣን ሰው ማስጠለል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በመዲና የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ጥግ ሱፋ የሚባል ጥላ ነበር፤ ቤትና ዘመድ የሌላቸው ሶሐቦች እዚያ ያድሩ ነበር። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) አንዱ ናቸው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም በየደብሩ ቅጥር ዙሪያ ነዳያንንና የቆሎ ተማሪዎችን ሲያስጠልሉ ኖረዋል። ሆኖም የደብሩ ጥግ ከብርድ ያስጥላል እንጂ ቤት አይሆንም። ሱፋ ላይ የነበሩትም ሲደላቸው ወጥተው የራሳቸውን ቤት ይዘዋል።

ዛሬ በብዙ መስጊዶቻችን ዙሪያ በወቅፍ የተሰጡ ቤቶችና ሱቆች አሉ፤ ተከራይተው ገቢያቸው ለመስጊዱ ይውላል። ከእነዚህ መካከል አንዲት ክፍል ጧሪ ላጣች እናት የተለቀቀችበት መስጊድ በአካባቢያችሁ ካለ፣ እንዴት እንደተጀመረና ወጪው በማን እንደሚሸፈን ጽፋችሁ ላኩልን።